ኤንሪኮ ፌርሚና ስሌት ያልፈታው ጥያቄ

ስለ ኑክሌር ኃይል ክርክር በተነሳ ቁጥር ነገሩ በሁለት ወገን የተከፈለ ይመስላል፤ በአንድ በኩል ቁጥር ይዘው የሚሟገቱ መሐንዲሶችና የፊዚክስ ሊቃውንት፣ በሌላው በኩል ደግሞ ጨረር የሚፈራ ሕዝብ። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለተመለከተ ሰው ግን ይህ አከፋፈል አይጸናም። የቼርኖቢል አደጋ ከመድረሱ ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዓለም ላይ አንድም የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ባልነበረበት በ1944፣ የመጀመሪያውን ሪአክተር ነድፎ ያሠራው ሰው ራሱ፣ ሕዝብ ይህን የኃይል ምንጭ ይቀበለው እንደሆነ እርግጠኛ አለመሆኑን ለሥራ ባልደረቦቹ ገልጾላቸው ነበር። ያ ሰው ኤንሪኮ ፌርሚ ነው። የፌርሚን ሕይወት መከታተል የሚጠቅመው ሊቅ ስለነበረ ብቻ አይደለም። በዘመኑ ከማንም ይበልጥ በስሌት የሚተማመን ሰው፣ ስሌት የት ላይ እንደሚያበቃ ስለተገነዘበ፣ ይህንንም ተገንዝቦ ሥራውን ስላላቆመ ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌርሚ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1901 በሮማ ከተማ ተወለደ። አባቱ በኢጣሊያ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቱም አስተማሪ ነበረች። በአንድ ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ጁሊዮ የዘወትር ጓደኛው ሲሆን፣ ሁለቱ ልጆች በአንድነት የኤሌክትሪክ ሞተርና ሌላም ሌላም መሣሪያ ሲገጣጥሙ ይውሉ ነበር። በ1915 ጁሊዮ ለቀላል የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ሳይነቃ ቀረ። ኤንሪኮ ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ሐዘኑን የተወጣው በመጽሐፍ ነው። ከዚህ ላይ ለሙያችን ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ይገባል፤ ይኸውም የአባቱ የሥራ ባልደረባ የነበረው መሐንዲስ አዶልፎ አሚዴይ ነው። አሚዴይ የልጁን ጥያቄዎች ሰምቶ ዝም አላለም። ከራሱ መደርደሪያ የጂኦሜትሪ፣ የትሪጎኖሜትሪ፣ የካልኩለስና የሜካኒክስ መጻሕፍት ተራ በተራ እያዋሰ፣ አንዱ አልቆ ሌላው እየተተካ፣ ለአራት ዓመት ያህል አስተማረው። ሮማ ከመቅረት ይልቅ በፒዛ ወደሚገኘው ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲሄድ የመከረውም እርሱ ነው። በ1918 ፌርሚ ለመግቢያ ፈተና ስለ ድምፅ ባሕርይ የጻፈው ሐተታ ከአንድ ተማሪ የሚጠበቅ ሳይሆን ለዶክትሬት የሚበቃ ሆኖ ስለተገኘ ፈታኙ በአድናቆት ተሞላ።

በ1922 ዶክትሬቱን ሲቀበል ሃያ አንድ ዓመት አልሞላውም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ሙሶሊኒ ሥልጣን ያዘ። ፌርሚ ለጥቂት ጊዜ በጀርመንና በሆላንድ ከተማረ በኋላ ወደ ፍሎረንስ ተመለሰና በ1926 በስሙ የሚጠራውን ስታቲስቲክስ አሳተመ፤ ኤሌክትሮኖች በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሰለፉ የሚያስረዳው ይህ ሥራ ዛሬ ሴሚኮንዳክተር የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። በዚያው ዓመት የፊዚክስ ሊቅና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ኦርሶ ማሪዮ ኮርቢኖ በሮማ ዩኒቨርሲቲ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ የፕሮፌሰርነት ወንበር አስከፍቶ ለፌርሚ አሰጠው። በቪያ ፓኒስፔርና መንገድ በሚገኘው ሕንጻ ራሴቲ፣ ሴግሬ፣ አማልዲ፣ ማዮራና፣ በኋላም ፖንቴኮርቮ ተሰበሰቡ። ሁሉም ወጣቶች ነበሩ። ስሌቱ የማይሳሳት ሆኖ ስላገኙት ፌርሚን በቀልድ የሮማው ጳጳስ ይሉት ጀመር።

በ1929 ሙሶሊኒ ያቋቋመው የኢጣሊያ አካዳሚ አባል አድርጎ ሾመው። ደመወዝ የሚያስገኝ፣ ባለወርቅ ጥልፍ የደንብ ልብስም ያለው ሹመት ነበር። በዚያው ዓመት የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። ፌርሚ የፖለቲካ ሰው አልነበረም፤ መንግሥት ለምርምሩ ገንዘብ ከሰጠውና ከተወው እርሱም መንግሥትን ይተወዋል። ይህ ዓይነቱ ስምምነት በብዙ አገር ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ ዘግይቶ ስለሚመጣ ሲገቡበት ቀላል ይመስላል።

የፌርሚን ስም ከኑክሌር ኃይል ጋር ለዘለዓለም ያስተሳሰረው ሥራ በ1934 ጸደይ ላይ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት የተገኘው ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ወደ አቶም እምብርት ያለ ከልካይ ይገባል። ፌርሚ ራዶን ጋዝና የቤሪሊየም ዱቄት በትንሽ የመስተዋት ቱቦ አሽጎ የኒውትሮን ምንጭ ሠራ። ራዶኑ የሚቀዳው በዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ከተቀመጠው የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ራዲየም ነበር። ጨረር መቁጠሪያውን ባልደረቦቹ በገዛ እጃቸው ሠሩት። ከሃይድሮጅን ጀምረው ንጥረ ነገሮችን በተራ ሲደበድቡ እስከ ፍሎሪን ድረስ ምንም አልተገኘም፤ ከዚያ በኋላ ግን በርካታ አዳዲስ ራዲዮአክቲቭ ዓይነቶች ተገኙ። ጨረሩ በደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ መቁጠሪያው ደግሞ ከምንጩ እንዲርቅ በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ስለተቀመጠ፣ የኢጣሊያ አካዳሚ አባል ግራጫ ካፖርቱን እንደለበሰ ናሙና ይዞ ሲሮጥ ማየት የተለመደ ሆነ።

ዩራኒየም ላይ ሲደርሱ ከዩራኒየም የከበዱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ያገኙ መሰላቸው። ኢዳ ኖዳክ የተባለች ጀርመናዊት የኬሚስትሪ ባለሙያ ምናልባት እምብርቱ ተሰንጥቆ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ዓመት ጽፋ ነበር። ማንም ልብ አላላትም። ፌርሚም የነበረው ቲዎሪ ይህን አይፈቅድም ብሎ አለፈው። አቶም በሮማ ላቦራቶሪ ሲሰነጠቅ ከርሞ፣ መሰንጠቁን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኦክቶበር 22 ቀን 1934 ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። ከብር የሚወጣው ጨረር ሙከራው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲሠራና በእብነ በረድ ላይ ሲሠራ ይለያያል። ፌርሚ በምንጩና በብሩ መካከል እርሳስ ሊያስገባ አስቦ ሳለ፣ ምክንያቱን ራሱም ሳያውቀው፣ በእርሳሱ ፈንታ ፓራፊን አስቀመጠ። መቁጠሪያው አበደ፤ ጨረሩ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ምሳ በልቶ ሲመለስ ፌርሚ ምክንያቱን ይዞ መጣ፤ በፓራፊኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከኒውትሮን ጋር እየተጋጨ ያዘገየዋል፣ የዘገየው ኒውትሮን ደግሞ በእምብርቱ በቀላሉ ይያዛል። ውኃም ሃይድሮጅን ስላለው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በግቢው አትክልት ቦታ ባለው የዓሣ ገንዳ ሞከሩት። ተሳካ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኑክሌር ማመንጫዎች ኒውትሮንን የሚያዘገዩት በውኃ ነው።

አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ሲጥል የፋሺስቱ መንግሥት ሕዝቡን ለጦርነት አሰለፈ፤ የሚስቶችን የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር ለጦርነቱ ሰበሰበ። በዚሁ ጊዜ በአውሮፕላን የሚረጨው የሰናፍጭ ጋዝ በኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ ላይ ይዘንብ ነበር። የቪያ ፓኒስፔርናው ቡድን መበታተን የጀመረው በዚህ ወቅት ነው። ራሴቲ ወደ አሜሪካ፣ ሴግሬ ወደ ፓሌርሞ፣ ከዚያም ፖንቴኮርቮ ወደ ፓሪስ ሄዱ። ሴግሬ በኋላ ስለ ፌርሚ በጻፈው መጽሐፍ፣ የሮማው ሥራ ማሽቆልቆል የጀመረው ከኢትዮጵያ ጦርነት አንስቶ መሆኑን መዝግቧል። ፌርሚ ከአማልዲ ጋር ሆኖ ከጧት እስከ ማታ ልኬቱን ቀጠለ፤ ከአካዳሚውም አልወጣም። ከአገሩ እንዲወጣ ያስገደደው በሩቅ አገር ሰው ላይ የደረሰው ግፍ ሳይሆን በ1938 የወጣው የዘር ሕግ ነው። ሚስቱ ላውራ ካፖን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ነበረችና ሕጉ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳ። ይህን ማንሳት ሊቁን ለማሳነስ አይደለም፤ ፌርሚ ስለ ራሱ ሥራ ውጤት ማሰብ የጀመረበት መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ ያሳያል እንጂ።

በ1938 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መላው ቤተሰብ ወደ ስቶክሆልም ሄደ፤ ከዚያም ወደ ሮማ ሳይመለስ ጃንዋሪ 2 ቀን 1939 ኒውዮርክ ገባ። ሽልማቱ ከተሰጠባቸው ምክንያቶች አንዱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን ማግኘቱ ነበር። ገና ሳምንታት ሳያልፉ ሃንና ሽትራስማን በበርሊን፣ ሊዜ ማይትነርና ፍሪሽ ደግሞ በስደት ሆነው፣ የሮማው ግኝት አዲስ ንጥረ ነገር ሳይሆን የዩራኒየም እምብርት መሰንጠቅ መሆኑን አረጋገጡ። ፌርሚ ለኅትመት በሚሄደው የኖቤል ንግግሩ ላይ ይህንኑ የሚያመለክት የግርጌ ማስታወሻ ጨመረበት። መሰንጠቁ በ1934 ታውቆ ቢሆን ኖሮ ማን በመጀመሪያ ቦምብ ይሠራ እንደነበረ ማሰብ ያስፈራል።

አንድ የዩራኒየም 235 እምብርት ሲሰነጠቅ በአማካይ ሁለት ተኩል ገደማ ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ሌላ እምብርት ከሰነጠቀ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ፌርሚና ከሃንጋሪ የተሰደደው ሌዮ ሲላርድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሰንሰለት ለመፍጠር ተነሱ። ኒውትሮንን ለማዘግየት የመረጡት ግራፋይት ነው። ገበያ ላይ ያለው ግራፋይት ግን በሚሊዮን ጥቂት ክፍል ቦሮን ካለበት ኒውትሮኑን ይበላዋል። ስለዚህ ሥራው ከፊዚክስ ይልቅ የጥራት ቁጥጥር ሆነ፤ ፋብሪካዎች ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ንጹሕ ግራፋይት እንዲያቀርቡ ተደረገ። ጡቡን የሚሸከሙት የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። ፌርሚም አብሯቸው እየተሸከመ እንደ ከሰል ነጋዴ ጠቁሮ ይወጣ ነበር።

በዲሴምበር 1941 አሜሪካ ከኢጣሊያ ጋር ጦርነት ስትገጥም ፌርሚ በሕግ የጠላት አገር ዜጋ ሆነ። የአሜሪካን እጅግ ምሥጢራዊ ሥራ የሚመራው ሰው ከከተማ ወደ ከተማ ለመጓዝ የፖሊስ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። እገዳው የተነሳው በኦክቶበር 1942 ነው።

በዚያን ጊዜ ሥራው ወደ ቺካጎ ተዛውሯል። የመጀመሪያው ሪአክተር እንዲሠራ የታቀደው ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአርጎን ጫካ ውስጥ ነበር። ነገር ግን የሕንጻ ሠራተኞች ከአሠሪው ጋር ባለመስማማታቸው ቤቱ በጊዜው አልደረሰም። ፌርሚ ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ለአርተር ኮምፕተን ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ ይኸውም ሪአክተሩን እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ከአሮጌው ስታዲየም የተመልካች መቀመጫ ሥር ባለው የራኬት መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ለመሥራት ነው። ቺካጎ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች።

ፌርሚ ይህን ለማለት የደፈረው በምን ተማምኖ ነው? መልሱ ለማንኛውም ሪአክተር ቁልፍ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያሻል። ከመሰንጠቅ ከሚወጡት ኒውትሮኖች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወዲያውኑ ይወጣሉ። ከአንድ በመቶ በታች የሆኑት ግን ከሴኮንዶች እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ዘግይተው ይመጣሉ። ሁሉም ወዲያው የሚወጡ ቢሆኑ ኖሮ ኃይሉ በቅጽበት ስለሚባዛ የሰው እጅም ሆነ ሞተር ሊደርስበት አይችልም ነበር። ሰንሰለቱ ለመቀጠል እነዚያን ዘግይተው የሚመጡትን ጥቂቶች እንዲጠብቅ ተደርጎ ከተያዘ ግን ኃይሉ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ዘንጉን የያዘው ሰውም ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ፌርሚ የአንድን ታላቅ ከተማ ደኅንነት የጣለው በዚህች ከአንድ በመቶ ባነሰች ድርሻ ላይ ነው። ስሌቱ ትክክል ነበር። ኮምፕተን ስሌቱን አይቶ ፈቀደ፤ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለሃቺንስ ግን አልነገረም። ፕሬዚዳንቱ አደጋውን ለመመዘን የሚያስችል ዕውቀት ስለሌለው ሊሰጥ የሚችለው መልስ እንቢታ ብቻ ነው፣ ያ መልስ ደግሞ ስሕተት ይሆናል የሚል ምክንያት እንደነበረው ኮምፕተን በኋላ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የኑክሌር ጣቢያ የሚተከልበት ቦታ ሲመረጥ የተሰማው ሙግት ይኸው ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢጠየቅ እንቢ ስለሚል አይጠየቅ። የቺካጎ ሕዝብም አልተጠየቀም። ጦርነት ነበርና ሊጠየቅም አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ የጦርነት ጊዜው ልማድ ከጦርነቱ በኋላም አብሮ ኖረ።

ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ በዋልተር ዚንና በኸርበርት አንደርሰን የሚመሩ ሁለት ቡድኖች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ጡቡን ደረደሩ። 350 ቶን ግራፋይት፣ 36 ቶን ገደማ የዩራኒየም ኦክሳይድ፣ ከ5 ቶን የሚበልጥ የዩራኒየም ብረት በ57 ንብብር ቆመ። የጨረር መከለያም ሆነ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ዲሴምበር 1 ቀን ሌሊት የመጨረሻው ንብብር ሲያልቅ አንደርሰን ዘንጎቹን ቢያወጣ ሪአክተሩ እንደሚነሳ ያውቅ ነበር፤ ለፌርሚ የገባውን ቃል ጠብቆ ቆልፎት ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1942፣ አዳራሹ የሰው እስትንፋስ እስኪታይ ቀዝቅዞ ነበር። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች በሰገነቱ ላይ ቆሙ። ኒውትሮን የሚበላ ካድሚየም የለበሱት ዘንጎች አንድ ብቻ ሲቀር ሁሉም ወጡ። አንዱን ዘንግ ጆርጅ ዋይል በፌርሚ ትእዛዝ በጥቂት በጥቂቱ ይስባል። አንድ ሰው በገመድ የታሰረውን የአደጋ ጊዜ ዘንግ ለመቁረጥ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል፤ ሦስት ወጣቶች ደግሞ ከክምሩ በላይ የካድሚየም ውኃ በባልዲ ይዘው ይጠባበቃሉ። ፌርሚ ዘንጉ ከመሳቡ በፊት መቁጠሪያው የት ላይ እንደሚቆም በስላይድ ሩል አስልቶ ይናገራል፤ ዘንጉ ይሳባል፣ መርፌውም እዚያው ይቆማል። ረፋዱ ላይ ድንገት አንድ ዘንግ በኃይል ወርዶ ክምሩን አጠፋው። የራስ ሰር መዝጊያው ገደብ ከሚገባው በታች ተደርጎ ስለነበረ ነው። ፌርሚ አልተደናገጠም፤ ምሳ ሰዓት መድረሱን ተናግሮ ሁሉንም ወደ ምግብ ላካቸው። ከቀትር በኋላ ዘንጉ እንደገና ተሳበ፤ መርፌው ወጣ፣ መውጣቱንም አላቆመም። አንድ መሰንጠቅ ከአንድ እጅግ በጥቂቱ የሚበልጥ፣ 1.0006 ያህል፣ መሰንጠቅ ይወልድ ነበር። የተገኘው ኃይል ግማሽ ዋት ነው፤ የእጅ ባትሪ አምፖል በወጉ አያበራም። ዩጂን ዊግነር አስቀድሞ ገዝቶ የደበቃትን የኢጣሊያ ወይን ጠርሙስ አወጣ፤ ያለ ጭብጨባ በወረቀት ኩባያ ጠጡ።

በ1944 ጸደይ ቺካጎ ውስጥ ስለ ወደፊቱ ሪአክተሮች የሚመክር ትንሽ ስብሰባ ተካሄደ። ዊግነር፣ ሲላርድና ወጣቱ አልቪን ዋይንበርግ ነበሩበት። ንግግሩ ዩራኒየምን ቆጥቦ ለሺህ ዓመታት ኃይል ስለሚሰጥ ሪአክተር በተስፋ የተሞላ ነበር። ዋይንበርግ በኋላ ደጋግሞ እንዳስታወሰው፣ ፌርሚ በዚህ መካከል ሁለት ነገር አነሳ። ይህ የኃይል ምንጭ ከዚህ ቀደም ታይቶ የማይታወቅ መጠን ያለው ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ይፈጥራል፤ እግረ መንገዱንም ለቦምብ የሚሆን ቁስ ያመርታል። እንዲህ ያለውን ነገር ሕዝብ ይቀበለው እንደሆነ ግልጽ አይደለም ሲል አሳሰበ። ፌርሚ ይህን ያነሳው እንደ ፖለቲከኛ አልነበረም፤ በንድፍ ላይ መልስ ያልተገኘለትን ተለዋዋጭ እንደሚጠቁም መሐንዲስ ነው። ዛሬ ስለ ኑክሌር ኃይል የሚጻፈው ተቃውሞ ሁሉ፣ ከዋጋው ጥያቄ በቀር፣ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ውስጥ ይጠቃለላል።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሃንፎርድ ፕሉቶኒየም የሚያመርተው ታላቅ ሪአክተር ሲነሳ የመጀመሪያውን የነዳጅ ቁራጭ ያስገባው ፌርሚ ነው። ሪአክተሩ በሚገባ ተነስቶ ለሰዓታት ሠራ፤ ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ሲቆይ ደግሞ በራሱ ተነሳ። ፌርሚና ጆን ዊለር ከሚጠፋበትና ከሚመለስበት ሰዓት ተነስተው ጥፋተኛውን ደረሱበት፤ ከመሰንጠቅ የሚፈጠር፣ ግማሽ ዕድሜው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሆነ፣ ኒውትሮንን በስስት የሚበላ ዜኖን 135 የተባለ ጋዝ ነበር። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ነዳጅ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ስሌት 1,500 ቱቦ ይበቃል ብሎ ነበር። የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች ግን ሊቃውንቱ ገንዘብና ጊዜ ይባክናል እያሉ ሲያጉረመርሙ ቱቦውን 2,004 አድርገው ሠርተውት ስለነበረ፣ ተጨማሪዎቹ ሲሞሉ ሪአክተሩ ሠራ። የመጠባበቂያ ትርፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቅ ባለገንዘብ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ፌርሚ የፈራው ቆሻሻም በዚያው ቦታ ቀርቷል፤ በሃንፎርድ 177 የመሬት ውስጥ ታንኮች የተከማቸው፣ ሲለካ 200 ሚሊዮን ሊትር የሚያልፈው ዝቃጭ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ገና እየተጸዳ ነው።

የቦምቡ ምዕራፍ በብዙ መጻሕፍት ስለተተረከ እዚህ ላይ ማርዘም አያስፈልግም። ጁላይ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳ ፌርሚ ከእጁ ቁርጥራጭ ወረቀት ለቀቀ፤ የንፋሱ ግፊት ስንት እርምጃ እንደወሰደው ለክቶ የፍንዳታውን ኃይል 10 ሺህ ቶን ፈንጂ ገመተ። እውነተኛው ከ20 ሺህ በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ በወረቀት ለተለካ ነገር ቅርብ ነው። ከዚህ ከአንድ ወር በፊት ከኦፐንሃይመር፣ ከሎረንስና ከኮምፕተን ጋር በአንድ የአማካሪዎች ጉባኤ ተቀምጦ፣ ቦምቡን በጦርነት ላይ ከማዋል ሌላ መንገድ አላየንም የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ ፈርሟል። በ1949 ግን ስለ ሃይድሮጅን ቦምብ ሲጠየቅ፣ ከኢሲዶር ራቢ ጋር ሆኖ ያቀረበው ጽሑፍ ከሁሉም የጠነከረ ነበር፤ ወሰን የሌለው የጥፋት መሣሪያ በመሆኑ መኖሩ ራሱ ለሰው ዘር ሁሉ አደጋ ነው፣ በማንኛውም መልኩ ክፉ ነገር ነው ብለው ተቃወሙ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1950 እንዲሠራ ሲያዝ ደግሞ ፌርሚ በክረምት ወደ ሎስ አላሞስ እየሄደ በስሌቱ ረዳ። የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ በግልጽ ይሰጣል፤ ውሳኔው በሌላ ሰው እጅ ሲወድቅ ግን ወደ ስላይድ ሩሉ ይመለሳል። የሮማው አካዳሚ ልማድ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ነው። ለተማሪዎቹ በቺካጎ ስንት የፒያኖ አስተካካዮች አሉ የሚል ዓይነት ጥያቄ እየሰጠ ካወቁት ወዳላወቁት በግምት እንዲደርሱ ያሠለጥናቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል በኋላ የኖቤል ተሸላሚዎች የሆኑ ብዙዎች ናቸው። በ1954 ኦፐንሃይመር በታማኝነቱ ተጠርጥሮ ሲመረመር ቀርቦ መሰከረለት። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የሆድ ዕቃው በቀዶ ሕክምና ሲከፈት ነቀርሳው ተሠራጭቶ ተገኘ። ሴግሬ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ፣ ፌርሚ በክንዱ የሚገባውን ፈሳሽ ጠብታ በሰዓት እየቆጠረ ፍጥነቱን ሲያሰላ አገኘው። ኖቬምበር 28 ቀን 1954 በሃምሳ ሦስት ዓመቱ አረፈ። ከሲላርድ ጋር በ1944 ያመለከተው የሪአክተር ፓተንት በምሥጢርነት ተይዞ ቆይቶ የተሰጠው በሜይ 1955፣ ከሞተ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ስሙ ግን ወደ ክርክሩ መሐል ገባ። በ1956 ከዲትሮይት ከተማ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ በሶዲየም የሚቀዘቅዝና ከሚያቃጥለው የበለጠ ነዳጅ የሚያመርት ሪአክተር እንዲሠራ ተፈቀደ፤ መጠሪያው ኤንሪኮ ፌርሚ ሆነ። የመንግሥቱ የሪአክተር ደኅንነት አማካሪ ኮሚቴ ያለው ዕውቀት ለሕዝብ ደኅንነት ዋስትና ለመስጠት አይበቃም ሲል ጽፎ ነበር። ፈቃዱ ግን ተሰጠ። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ለፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ1960 በይግባኝ ረታ፣ በ1961 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት ተረታ። ኦክቶበር 5 ቀን 1966 ከሪአክተሩ ታች የተገጠመ የዚርኮኒየም ቆርቆሮ ተላቆ የሶዲየሙን መንገድ ዘጋና ከ105 የነዳጅ ጥቅሎች ሁለቱ ቀለጡ። ቆርቆሮው ለደኅንነት ሲባል በመጨረሻ ሰዓት የተጨመረ ነበር። ሪአክተሩ ወዲያው ተዘጋ፤ ለሕዝብ የሚያሰጋ ጨረር አልወጣም። የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ዛሬ ድረስ ይህን አደጋ ለየራሳቸው ማስረጃ ያደርጉታል፤ አንዱ መቅለጡን፣ ሌላው ምንም አለማምለጡን። በ1970 እንደገና ተነስቶ በ1972 ለዘለቄታው ቆመ። በዚያው ሥፍራ የተተከለው በውኃ የሚሠራው ሁለተኛው ፌርሚ ከ1988 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

የቺካጎው ክምር በ1943 ፈርሶ በአርጎን ጫካ መከለያ ተደርጎለት እንደገና ተሠርቶ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቦታው ሲለቀቅ ሪአክተሩ እዚያው ተቀበረ። ሥፍራው አሁን ሰዎች በእግርና በብስክሌት የሚንሸራሸሩበት የሕዝብ ደን ነው። ሁለት የድንጋይ ምልክቶች ቆመውበታል፤ አንደኛው የመጀመሪያው ሪአክተር በዚህ እንደገና መሠራቱን ይናገራል፣ ከጥቂት ርቀት ላይ ቆሻሻው በተቀበረበት ቦታ የቆመው ሁለተኛው ደግሞ ለጎብኚ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ፣ መሬቱ ግን መቆፈር እንደሌለበት ይገልጻል።